ውጭ አገር፣ ከሐረጎ በታች

ክረምት ነው ደሴ ላይ፤ ጦሳ ጉም ለብሷል፤
የጡረተኞች ማኅበር ጣሪያው ያፈሳል።
ባልዲ ደቅነን በወንበሮቹ መሃል፣
ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ፊልም ይታያል።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ ማይክ ይዤ ከጎን፤
እንግሊዝኛዬ ግን አስረኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው፣ ወገን።

ፊልሙ በሰልፍ ጀመረ፣ በጡረታ ሰልፍ፤
ሽበት ከሽበት ጋር ተገፋፍቶ ሲያልፍ።
ጸሐፊዋ በመስኮት «ነገ ኑ» ስትላቸው፣
የኛዎቹ ሳቁ፣ እንባ እስኪቀድማቸው።
«ለካስ እዚያም ነገ አለ!» አለ ጋሽ ይመር፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት ቴሌ የኖረ፣ የሰውን ድምፅ ከሰው ሲያስተሳስር።

ከዚያ ሰባት ሆነው ብርዱን ተማረሩ፣
ገንዘብ አዋጥተው ወደ ሙቀት በረሩ።
«ባሕር ዳር ቤት ገዙ» ብዬ ስተረጉም፣
ጋሽ ሙሄ፣ «ጣና ነው? እኔ በዚያ ስነዳ የፈረንጅ ሰፈር አላየሁም!»
ሳቁ በፊልሙ ላይ ሌላ ፊልም ሆነ፤
እስኪያባራ ድረስ ሁለት ቀልድ ባከነ።

አህያ መጣች፤ ሻንጣ ተጭናለች፤
ዳገቱ ወገብ ላይ ሁሉንም በተነች።
ፊልሙ «ሳቁ» ይላል፤ ማንም ንቅንቅ አላለም።
«ኧረ በአላህ! ጭነት እንዲህ አይታሰርም!
በሆዷ ሥር አዙረህ፣ መልሰህ ጠበቅ ነው!»
እትዬ መሬማ ናት፣ ሰኞ ገበያ ጨው ስታራግፍ ዕድሜዋን የጨረሰችው።

«ልጆቻቸውስ?» አለ አንዱ። «የታሉ?» ሌላው ደገመ።
ፊልሙ ስለ ልጅ አያወራም፤ ጥያቄው አየር ላይ ቆመ።
የነዚህ ልጆች ጅዳ ናቸው፣ ቤይሩት፣ ዱባይ፤
ስልኩ ደረት ኪስ ውስጥ ነው፣ ጠርቶ እንደሆን በየመሃሉ የሚታይ።
እዚያ ሽማግሌው ይሰደዳል፣ እዚህ ወጣቱ፤
እኔ አልተረጎምኩትም፤ ገብቷቸው ነበር ከጥንቱ።

ከሰባቱ አንዱ፣ ቀጭኑ፣ ቀልደኛው፣
ኮቱን አውልቆ ተቀምጦ፣ ባሕሩን ሲያየው ሲያየው
ቀረ። እንዲያው ቀረ።
ባርኔጣው ብቻ አሸዋ ላይ ተሽከረከረ።
ሚስቱ ጎንበስ ብላ ጆሮው ላይ አንዳች ሹክ ስትል፣
ቃሉ አመለጠኝ፤ ማይኩን ይዤ ቀረሁ፣ እንደ ግድግዳ ስዕል።
ጠብታው ባልዲው ውስጥ ጠብ፣
ጠብ።
ያን ጊዜ ከኋላ፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ የኖረች፣
ፈረንጅ አፍ የማታውቅ እትዬ ወደርየለሽ ተረጎመች፦
«‹ቅደም፤ በሩን ግን አትዝጋው› ነው ያለችው።»
ማንም አልጠየቃት ከየት እንዳመጣችው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ያንን ቦታ እየመለስኩ ሰማሁ፤
«ኪኒንህን ዋጥህ ወይ?» ነው የምትለው። እስከ ዛሬ ዝም አልሁ።

መብራቱ ሲበራ አስተያየት ወረደ እንደ በረዶ፦
«ለቅሶ የደረሰ የለም! እድር የላቸውም? ይሄ ምን አገር ነው፣ ባዶ!»
«ምግቡንስ አየህ? ቅጠል!» «ከሁሉም አህያዋ ትሻላለች።»
«ማን ነው የሞተው? ተኝቼ ነበር» እትዬ ጌጤ ትላለች።
ጋሽ ሙሄ ግን ከዘራውን አነሳና፦ «ለመሞቅ ነው ይሄ ሁሉ?
ለመሞቅማ ኮምቦልቻ አለ! ሐረጎን ዝቅ ነው፤ ምን ያህላል መንገዱ በሙሉ?»

በሳምንቱ ስምንት ሆነን ሚኒባስ ተሳፈርን፤
በየጠመዝማዛው ኩታ፣ ሹራብ፣ ሻርፕ እያራገፍን።
ጋሽ ሙሄ «ባሕሩ!» አለ ቦርከና ሲታየን፤
ጭቃ ውሃ ነበር፤ ማንም አላረመው፣ ተያይተን ሳቅን።
ጋሽ ይመር ብቻ፣ ላቡ ባንገቱ እየወረደ፣
ካፖርቱን እስከ ላይ ቆልፎ ሙጭጭ ብሎ ሄደ።
«አውልቅ እንጂ!» ስንለው፣
«ፊልሙን አላያችሁም?» አለ፤ «ኮቱን ያወለቀው ነው የሞተው።»