ከጠርዝ ወደ መሐል

ሦስት ዓመት ሙሉ በሃያ ሁለቷ
ጣሳ ስታስጨንቅ አለፈ ልጅነቷ።
ያቺ ጥይት ደግ ናት፤ ጠርዟን ሲነኳት ነው የምትፈነዳ፣
ድምጿም ጭብጨባ ነው፣ ጆሮ የማይጎዳ።

«አባዬ» አለችኝ ድርቆሽ ስናወርድ፣
«ከጠርዝ ወደ መሐል መቼ ነው የምሄድ?»
አሥራ አራት ሞልቷታል፤ እውነቷን ነው።
የትልቁ ጥይት ልብ መሐሉ ላይ ነው፣
መርፌው እዚያ ሲወጋው ነው እሳት የሚተፋው።

እኔ ግን ቀድሜ ወስኜ ነበረ።
በብስኩት ቆርቆሮ፣ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረ
የአባቴ አርባ አምስት አለ ከአልጋዬ ሥር፤
ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሲግሪድ፣ እንደ ስም ሊሻገር።

ቅዳሜ። በረዶ። ጎማችን ሰንሰለት ታጥቆ
የሞንታናን ሜዳ አቋረጥን፤ ቆርቆሮው ከወንበሬ ሥር ተደብቆ።

የኢንገብረትሰን ሱቅ የብረት ዘይት ይሸታል፣ የረጠበ ሱፍም።
ሽማግሌው ቁመቷን አየ እንጂ ምንም አልጠየቀም፤
ከመስታወቱ ሥር አንዲት ሮዝ አወጣ፣ መዳፍ የማትሞላ፦
«ቀላል ናት ለሴት ልጅ፤ ምን ያስፈልጋል ሌላ!»

ሲግሪድ ተቀበለች።
አፈሙዙን ወደ ግድግዳ፣ ጣቷን ከቃታው ውጭ፤ ባዶነቷን አየች፣
ደግማ አየች። በመዳፏ መዘነች።
«እንዲህ ከቀለለች፣ እርግጫዋን ማን ይችለዋል?» አለች።
ሽማግሌው ሳለ። ሮዟ ተመለሰች።

ያኔ ቆርቆሮዬን ከፈትኩት፣ እንደ ኑዛዜ ወረቀት፤
«የአያትሽ ነው» አልኳት።
ያዘችው። ክንዷ አልተንቀጠቀጠም። ያ ቀጭን ጣቷ ግን
ተዘርግቶ፣ ተዘርግቶ፣ ቃታው ላይ የደረሰው ጥፍሯ ብቻ ሆነ።
«ያምራል» አለች፣ ፊቴን አይታ።
እጅ ገና ያድጋል፤ ውርስ ግን አይጠብም፣
ወረቀት ጠቅጥቀው እንደ ሰፊ ጫማ አይጫሙትም።

ሦስተኛው ዘጠኝ ሚሊ ነበር፤ ብረቱ ከባድ፣ ቀለሙ የተላጠ፣
እጀታው በሌላ ሰው ላብ የተለወጠ።
የሒሳብ መምህርት ነበረች አሉ ባለቤቱ፤
ዓይኗ ሲደክም ሸጠችው። የሲግሪድ ጣት ቃታው ጎን አረፈ፣ እንደ ቤቱ።
ዓይኗን ጨፍና ወደ ግድግዳው ዘረጋች፤
ስትገልጠው ማነጣጠሪያው ቀጥ ብሎ ቆሟል። «ይሄ» አለች።
ዋጋው የጥጃ ግማሽ። ተከራከርኩ፤ አልቀነሰም።

ከሰዓት በኋላ፣ ከአሮጌው የጠጠር ጉድጓድ፣
ጆሯችንን ደፍነን፣ መነጽር አድርገን፣ ትንፋሻችን ሲነድ፣
ካዝናውን ሞላሁላት፤ ከአምስቱ መሐል አንዱን
ባሩድ የሌለው አደረግሁ፣ ልይ ብዬ ጉዱን።
ሳይመታ የሚደነግጥ እጅ ይጋለጣል በሱ፤
አፈሙዙ እንደተቆጡት ውሻ ይደፋል ራሱ።

ተኮሰች። ተኮሰች። ቀጭ! ባዶው ነው።
አፈሙዙ ንቅንቅ አላለም፤ ትንፋሿ ብቻ ነው የሄደው።

«ተራህ ነው» አለችኝ፣ ካዝናውን ራሷ ሞልታ፣
ባዶውን የት እንዳስገባች እንዳላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታ።
ተኮስኩ። አንድ። ከዚያ ቀጭ!
አፈሙዙ ወደ ጠጠሩ ተደፋ፣
ዓይኔ ተጨፈነ፣ ክንዴም ከትከሻው ሸሸ፣
ላልመጣ እርግጫ።

አሥር ዓመቴ ነበር አባቴ ያንን አርባ አምስት ሲያስጨብጠኝ፤
ወደ ኋላ ዘልሎ ግንባሬን ሲፈነክተኝ
እሱና ጓደኞቹ የመኪናውን ኮፈን ተደግፈው ሳቁ።
ሠላሳ ሁለት ዓመት። ጠባሳው ከቅንድቤ በላይ ነው፤
ሳቁ ግን እጄ ውስጥ ነው የተቀመጠው።

ሲግሪድ አልሳቀችም።
ጠባሳዬን አየች፤ ጎንበስ ብላ ቀለሃዎቹን ከበረዶው ለቀመች።
ከቦርሳዋ ሃያ ሁለቷን አወጣች፣ ባዶነቷን አየች፣ ደግማ አየች፣
እጀታዋን ወደ እኔ አዞረች።

«ከጠርዝ ጀምር» አለች።