የኦርቪል ክራቼክ ሁለት ደቂቃ

ሃያ ስድስት ዓመት፣ ቶሊዶ ከተማ፣
ሽጉጥ ሲለቃቅም ከቦይ፣ ከጨለማ፣
የተፋቀ ቁጥር በአሲድ ሲያስነብብ፣
ከሻጭ እስከ ገዢ መዝገብ ሲሰበስብ፣
ከአልጋ ሥር የወጣች፣
ልጅ ተጫውቶባት እናቱን የጣለች
አንዲት አሮጌ ሽጉጥ፣
መዝገቧ ሲገለጥ
እሱው ስም ላይ ቆመች።
(እጅ በእጅ ሸጧት፣ በሞቀ ሰላምታ፣
ስሙን ለማያውቀው፣ አንድ ቅዳሜ ማታ።)

ዛሬ ከሸንጎው ፊት ኮለምበስ ላይ ቆሟል፤
ሁለት ደቂቃ አለው፣ ጉሮሮው ደርቋል።
«ፎርዴን ለመንዳት እንኳ መንጃ ፈቃድ አለኝ፤
ጠብ መንጃውን ስሸጥ ማን ፈቃድ ጠየቀኝ?»

አንዱ እንደራሴ ሳቀ፣ አንዱ ስልኩን አየ፤
ኦርቪል ዓይኑን ጨፍኖ ለአፍታ ቆየ፣
የሽጉጧን ቁጥር በቃሉ ጀመረ፦
ሰባት፣ አራት፣ ዜሮ፣ ሁለት…
ቀዩ መብራት በራ።
ሁለት አኃዝ ቀረ።