አደራ በላ

ከዚራ፣ ከለገሃሩ አጥር ጀርባ፣ ከኒሙ ዛፍ በታች
መሬቴ አምስት ቦታ ላይ ትንሽ ትንሽ አብጣለች።
አላፊ አግዳሚው ድንች የተከልኩ ይመስለዋል፤
የድሬ አሸዋ ድንች መቼ አብቅሎ ያውቃል?

ሪያድ ነው ያመጣቸው፣ በባጃጁ፣ በፓስታ ካርቶን፣
ከታይዋን ጓሮ፣ ከደቻቱ ድልድይ ሥር፣ ከመልካ ጀብዱ መንገድ ጎን።
«ለሁለት ሳምንት ነው ጋሽ ተካልኝ፣ ወሳጅ እስኪገኝላቸው፤
ውሃ ብቻ አይጉደልባቸው፣
አደራ።»

እንዲህ ያለ ቃል በካርቶን ተጭኖ ይመጣል ብዬ መች ጠረጠርኩ?
አርባ ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሜ ብረት ስቀርጽ ኖርኩ፤
የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ስቶ የማያውቅ እጄ
ወተት በሲሪንጅ ሲያጠጣ
ተንቀጠቀጠ።

ፉርጎ ቀዳሚው ነው። ከቆመ ፉርጎ ሥር ተገኘ፣
ውሻ ሊያጠፉ ከጣሉት የመርዝ ሥጋ እኩሌታውን ጎርሶ።
ዘጠኝ ቀን ታገለ። በዐሥረኛው፣ በሰባት ሰዓት፣
ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ፣
አገጩን ጫማዬ ላይ አሳርፎ
ባቡር እንደሚጠብቅ መንገደኛ አንቀላፋ።
ባቡሩ ከቀረ ስንት ዘመኑ።
እኔም የምጠብቀው እሱኑ ነውና
አልቀሰቀስኩትም።

ቡሎንና ዳዶ የአንድ እናት ልጆች፣
አንዱ ባንዱ ካልተጠመዘዘ የማይተኙ ቡችሎች።
ደም ያስቀመጣቸው በሽታ ቡሎንን ሰኞ ወሰደው።
ዳዶ ምግቡን አሸተተ፣ ተወው፤ ውሃውን አሸተተ፣ ተወው፤
ካርቶኑ ውስጥ የወንድሙን ቦታ ከቦ ተኛ፣
መሀሉን ባዶ ትቶ።
ዳዶ መሀሉ ባዶ መሆኑን
ስም ያወጣሁለት እኔ መች አጣሁት!
ረቡዕ ጎን ለጎን አስገባኋቸው።

ትራፊክ አሮጊት ነበረች፤
የጫት መኪና አንድ እግሯን እስኪቀጥፋት ድረስ
አደባባዩ ላይ ቆማ መኪና ስታሳልፍ የኖረች።
አራት ወር አብራኝ ቆየች፣ በሦስት እግሯ ከሁለቱ እግሬ እየቀደመች።
ጎረቤቴ ኢፍቱ ውሻ አትነካም፣ ለሰላቷ ትጠነቀቃለች፤
ማታ ማታ ግን በግንቡ ላይ በጣሳ ውሃ ታወርድላታለች።
አንድ ቀን ትራፊክ ጣሳውን ላሰች፣ እጇንም።
እኔ ደነገጥኩ። ኢፍቱ ሳቀች፦
«ምን አለበት፣ ሰባት ጊዜ መታጠብ ነው፣ አንዱን በአፈር።»
ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ፣
ሰባት ጊዜ።

ሳቢያን ወሳጅ ተገኘላት። ቀይ የአንገት ማሰሪያ ገዛሁ።
ቅዳሜ ጠዋት ሊወስዷት መጡ፤
አርብ ሌሊት ሄዳለች።
ማሰሪያው ዛሬም የበሩ ምስማር ላይ ነው፣
ስወጣ ትከሻዬን ይነካኛል።

አምስተኛዋ ስም የላትም። አንድ ሌሊት ነው ያደረችው፣
ሙሉ ሰውነቷ ኮት ኪሴ ውስጥ ይገባ ነበር።
ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ።
እሷ በላች፣
ሳትጮኽ ነጋ።

ጅብ እንዳያወጣቸው ሁለት ክንድ ቆፈርኩ፣
የሐዲድ ጠጠር ለቅሜ ከላይ ከመርኩ፤
ከዚያ ሪያድን ጠርቼ «ከእንግዲህ እንዳታመጣብኝ» አልኩ፣
«አደራ በላ ነኝ፣ አምስት ሰጥተኸኝ አንድ አልመለስኩ።»
«እርስዎ አልበሉም ጋሼ፣ የበላው መሬቱ ነው» አለኝ፤
መሬቱ ግን የኔ ነው።

ስሜን ተካልኝ ያሉኝ ከእኔ በፊት በሞተ ወንድሜ ነው።
እናቴ ትጠራኝና፣ አቤት ስላት፣
ዓይኗ ከትከሻዬ ኋላ ሌላ ልጅ ይፈልግ ነበር።
ስለዚህ ሰው «ሌላ ይተካል» ሲለኝ
መልስ የለኝም፣ ጠጠሬን አስተካክላለሁ።

ዛሬ መሸት ሲል፣ ነፋሱ የደቻቱን አቧራ ይዞ ሲገባ፣
ባጃጁ በሬ ላይ ቆመ።
ሪያድ አልወረደም፣ አልተናገረም።
ካርቶኑ ግን ከውስጥ ይቧጠጣል።
ዞሬ ኒሙን አየሁ።
ሰዓቴን አየሁ።
ወተት ቤቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል።