ሁለት መቶ ሰባ ደረጃ

ኤራስሞ፣ ቁጭ በል።
መነጽርህን አድርግ፣ ደብተሩን ግለጠው፤
ስንሸሸው የከረምነው ቁጥር ይኸው፣ ተመልከተው።
ሦስት የሱቅ ካርድ፣ አንድ የባንክ ወረቀት፤
አንዱ ለማቀዝቀዣ፣ አንዱ ለልጅ ትምህርት፣
አንዱን ለምን እንደሆን እኔም ረሳሁት።
አንተም አታስታውስ፤ ወለዱ ግን ያውቃል፤
እኛ ስንተኛ እሱ ቁጭ ብሎ ይቆጥራል።

ይህን ሶፋ አስታወስከው? በሠላሳ ስድስት ወር
«ቀስ እያላችሁ ክፈሉ» ሲሉን በፍቅር፣
ቀይ ሪባን ታስሮለት ኮረብታውን ሲወጣ
ሰፈሩ ነበረ ሊያየው በር ላይ የመጣ።
ይኸው ስፖንጁ አፈጠጠ፣ ስፌቱ ተቀደደ፤
የክፍያው ወረቀት ግን አንድ ቀን አልተቀደደ።

ዕዳ ከሜዳ እንዳንል፣ ቫልፓራይሶ ሜዳ የላት፤
ከባሕሩ እስከ ሰማይ ዳገት ናት፣ ቁልቁለት።
እኛው ነን በር ከፍተን «ግባ» ያልነው በክብር፣
ወንበር የሰጠነው ጉርሻችንን ሊቆጥር።

ስለዚህ እንቀንስ።

ከነገ ጀምሮ የገመድ ባቡር ቀረ፤
መቶ ፔሶ መውረጃ፣ መቶ መውጫ እየተደመረ
የዓመቱን ቁጭ ብሎ ልጃችን ሲያሰላ
ደንግጬ ዳቦዬን አስቀመጥኩት ሳልበላ።
ሁለት መቶ ሰባ ደረጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ፤
ጉልበቴ ወለድ አይጠይቅም፣ እከፍለዋለሁ።

ሥጋ እሑድ ብቻ። ቅዳሜ ምስር፤
ማክሰኞም፣ ሐሙስም፤ አደራ አትማረር።
ዓሣ እንገዛለን ገበያው ሊበተን ሲል፣
ጭንቅላቱን ብቻ፤ ሾርባው እንደሁ አይጎድል።
ማሞቂያው በሐምሌም ሲመሽ ብቻ ይበራ፤
እስከዚያው ካፖርት ደርበን እናውራ።

ካርዶቹን ትናንት በዓሣ መቀስ ቆረጥኳቸው፤
ድመቷ መጥታ አሸተተች፣ አየች፣ ናቀቻቸው።

አሁን ወደ ግርጌ ውረድ። አንዲት መስመር አለች፣
በአንተ እጅ የተጻፈች፣ ሳምንት ያላጓደለች፦
«ልዩ ልዩ። ሁለት ሺህ።»

ልዩ ልዩ ማን ናት? ስል ሳልተኛ አደርኩ፤
ሲጋራ? ሎተሪ? ሴት? ሁሉን ጠረጠርኩ።
ዛሬ ጠዋት፣ ይቅር በለኝ፣ ተከተልኩህ፤
መቶ አርባኛው ደረጃ ላይ ጎንበስ ስትል አየሁህ፣
ከኪስህ የሥጋ ቤት ወረቀት ስትፈታ፣
ያች አንካሳ ውሻ ጭራዋ ደረጃውን ሲመታ፤
አጥንት ባጥንት ስትሰጣት፣ በስሟ ስትጠራት፣
«ዱኬሳ» ትላታለህ። አንድ ጆሮ እንኳ የላት።

ቅናት ቢጤ ነካኝ። እኔን «ስሚ» ነው የምትለኝ፤
«ኢሶሊና» ካፍህ ከወጣ ስንት ዓመቱ? ንገረኝ።
ሳታየኝ ተመልሼ ወጣሁ፣ እያለከለክሁ፣
ማእድ ቤት ገብቼ ቁጥሩን ሠራሁ።
እሷን ብናስቀራት፣ ዳቦ እንደምንቆርሰው፣
ሁለት ወር ቀድመን ነበር ዕዳውን የምንጨርሰው።

ሁለት ወር።

እርሳሱን አነሣሁ። አስቀመጥኩ። አነሣሁ።
የወደብ መርከብ ሲጮኽ ልቤን ሰማሁ።
«ልዩ ልዩ» የሚለውን ሰረዝኩና
«ዱኬሳ» ብዬ ጻፍኩ፣ ሁለት ሺህ፣ እንደገና፣
ከጎኑም «አይነካ»።
ስኳሬን እተዋለሁ፤ ሻይ ያለሱም ይጠጣል፤
ፊቴን ብቻ አትይብኝ ሲመረኝ፤ ያልፋል።

በል፣ አምፖሉን አጥፋው። የቀረንን ወሬ
በጨለማ እናውራው፣ በነጻ ነው ለዛሬ።
ደግሞም እይ፣ የወደቡ መብራት በመስኮት ገብቷል፤
የሱን ሒሳብ እንኳ ሌላ ሰው ይከፍላል።