የታሰረ ታንኳ

ቃል ገብቼ ነበር፣ አምና በፋሲካ፣
ደስታ በቲኬት ከሚሸጥበት፣ በዙር ከሚለካ፣
ወንበር ከሚሽከረከርበት ልወስዳት፣ አዲስ አበባ።
ዓመቱ ዞረ፣ ወንበሩ ሳይዞር፤ ደመወዝም ወጣ፣ ገና ሳይገባ።

ገንዘብ ያዥ ነኝ እኔ፣ ወረዳ ላይ፣ ሞጣ፤
የሰው ብር በጣቴ ሲገባ ሲወጣ
ይኸው ዐሥራ ሰባት ዓመቴ።
እናም በየካቲት፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ባሕር ዳር ወረድን፣
እኔና ውብርስት፣ እንግድነት፣ ከእህቴ።

ጠዋት ከወደቡ ጀልባ ነጂው መጣ፤
"ገዳሙን፣ ደሴቱን፣ የዓባይን መውጫ" ብሎ ዋጋ አወጣ።
ደመርሁ፣ ቀነስሁ፣ አካፈልሁ ለሁለት፤
የወር አስቤዛ ነው፣ ከነሽንኩርቱ፣ ከነዘይት።
"እንመለሳለን" አልሁት።
"ሁሉም እንደዚያ ይላል" አለኝ ሳይከፋ፤ በሆዴ እውነት አልሁት።

ልጄ ምንም አላለች። ጫማዋን ብቻ አየች፣
አዲሱን፣ ነጩን፤ ከዚያ እጄን ያዘች።

ሄድን በሐይቁ ዳር፣ በሾላው ጥላ ሥር፣
ድንጋይ ታቅፎ በሚያድር ሥር።
ፎቶ አንሺው ጠራን፤ ባለ ሚዛኑ ልጅ ጠራን፤
ውብርስት ወጣችበት፦ ሃያ ሦስት ኪሎ! ከፈልን፣ ኮራን።

ዓሣ አጥማጆች ዘንድ፣ ሆድ ዕቃው ሲጣል፣
ከረጢት አንገቱ ትልቅ ነጭ ወፍ ተራ ይጠብቃል፤
በወር መጨረሻ፣ ከእኔ መስኮት ፊት
እንደሚቆሙት ጡረተኞች፣ ቅሬታ ውጦ ከአንገት።
"አባዬ፣ ይሄስ ስንት ነው?"
"ይሄ? በነፃ ነው።"
"ታዲያ ለምን ሰው የለም?"
እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ ጥያቄዋን፤ መልሱ አልመጣልኝም።

ጉማሬ ጠበቅን ደግሞ፣ ከዓባይ መውጫ ግድም፤
አንድ ሰዓት ተኩል። ጉማሬው አልወጣም።
ግንድ ወጣ። የላስቲክ ጠርሙስ ወጣ።
"ተኝቶ ነው" አለች። ሸንኮራ ገዝተን ጋጥን፤ ፀሐዩም አናት ላይ መጣ።

ደንገል ከተከመረበት አንድ ሽማግሌ አየን፤
እንድሪስ ይባላሉ። የእጃቸው ፍጥነት አቆየን፣
ደንገሉን በደንገል ደግፈው፣
በልጥ ሲጠፍሩት፣ በጉልበት ተጭነው።
ያለቀ አንድ ታንኳ፣ ከሾላ ግንድ ታስሮ፣
ይወዛወዝ ነበር፣ ግማሹ ውኃ ላይ፣ ግማሹ ሣር ላይ አድሮ።
ውብርስት አየችው። እሳቸው እሷን አዩ።
"ግቢ" አሉ በአገጫቸው፣ ስሟን እንኳ ሳይለዩ፤
"ገመዱ ግን አይፈታም፤ ነፋስ አለ ዛሬ፣
ታችም ተኝቷል ጉማሬ።"

ጫማዋን አወለቀች፣ አዲሱን፣ ነጩን፤
ገብታ ቁጭ አለች፣ ጨብጣ ጫፉን።
ዐይኗን ጨፈነች። ውኃው ከፍ አረጋት፣ ዝቅ አረጋት፣ አንድ ክንድ ብቻ።
ብዙ ቆይታ "ደረስሁ" አለች፣ "አባዬ፣ ከማዶ ዳርቻ፤
ደወል እሰማለሁ። አንተ ግን የለህም።"
ከጎኗ ቆሜ ነበር፣ ገመዱን ይዤ። አለሁ ማለት አልቻልሁም።

ዋጋውን ጠየቅሁ፣ እጄ ኪሴ ገብቶ፤
ሳቁ እንድሪስ፣ ልጡን በጥርሳቸው እንደያዙ፣ ትከሻቸው ላልቶ፦
"ላልሄደ ታንኳ ምን ይከፈላል?" አሉ፤
"ስትሄድ ትከፍላለች። ልጆች ይሄዳሉ።"

ሲመሽ ቤዛዊት ጉብታ ወጣን፣ በእግራችን፣
የሸንኮራው ወለላ አቧራ ይዞ፣ ተጣብቆ በእጃችን።
ዓባይን ከታች፣ ሐይቁን ጥሎ ሲሄድ አየሁት፤
ማንም ቲኬት አልጠየቀው። ቀናሁበት።

ማታ፣ እንደ ልማዴ፣ ወጪ ስመዘግብ፣
ሚዛን፣ ሸንኮራ፣ ለውዝ፣ እግሯ ሲዝል የተሳፈርንባት ባጃጅ፣
ደምሬ አሰመርሁ። አነስተኛ ነው፤ ሒሳቡ ግን አልዘጋም።
ለገባልን ነገር ዓምድ አልነበረኝም።

የተኛች መስሎኝ ነበር።
"ነገ" አለች ከብርድ ልብሱ ውስጥ፣
"ነፋስ ከሌለ፣ ገመዱን ይፈቱታል?"

እስኪርቢቶዬን ከደንሁ። ጆሮዬን ወደ መስኮቱ ጣልሁ።
ከእህቴ ጓሮ የሙዙ ቅጠል
እንኳ አይሰማም ነበር።