መሰላሉ

«ጸሐፊዋ ትሁን ከተፈታኟ ያነሰች፣
አንድ ክፍል ዝቅ ያለች፣ እዚያ ያልደረሰች»
ይላል የቦርዱ ደንብ።
የርዕሰ መምህሩ ዐይን ክፍላችንን ሲቃኝ
በዘጠነኛ ክፍል፣ ከኋላ ወንበር አገኘኝ።
«ቫይጃንታ፣ ተነሺ።»
ተነሣሁ።
ከውሃው ማሰሮ ራቂ፣ ከሰልፉ ኋላ ሁኚ ሲባል ለኖረ ሰው
ማነስ አዲስ አይደል፤
አዲሱ፣ ማነሴ ተፈልጎ ወንበር ሲያሰጠኝ ነው።

ዕቃ ቤት አስገቡን፤
የተሰበረ ሉል፣ እግር ያጣ ጠረጴዛ፣ ያለፈው ዓመት ባንዲራ።
ምሩናል ተቀምጣ ጣቶቿን ታፍታታለች፣
ልክ እሷ እንደምትጽፍ።
ዐይኗን ኩፍኝ ወሰደው ገና በአራት ዓመቷ፤
ከዚያ ወዲህ ትምህርት የገባው በጆሮዋ ነው፤
እናቷ ለገበያ የአበባ ጉንጉን ስትሰካ፣
በአንድ ብስኩት ዋጋ
የጎረቤት ልጅ እያነበበላት።

እጄን ሰጠኋት፣
እንደ ተሸነፈ አይደለም፣ እንደሚያበድር።
እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትመልሳለች፤
ቃሉ የሷ፣ ጭረቱ የኔ።
ደርሰን ጥያቄ ሰባት፦
«ሥዕሉን ተመልከቺ።»
አነበብኩት ጮክ ብዬ፤ አፌ ውስጥ መረረኝ።
ምሩናል ግን ሳቀች፤ «ተመልክቼዋለሁ፣ ቀጥዪ» አለችኝ።

ግድግዳ የተደገፈ መሰላል፣ ርዝመቱ ዐሥር ሜትር፤
እግሩ ከግድግዳው ስድስት ሜትር ርቋል፤
ጫፉ መሬቱን ለቆ ስንት ሜትር ወጥቷል?

ከውጭ ደግሞ
እውነተኛ ግድግዳ፣ እውነተኛ መሰላል፣
ቀርከሃው ሲንቋቋ አጎት ይወጣበታል፤
መልስ የተጻፈበት ወረቀት በድንጋይ ጠቅልሎ
ወደ ትልቁ አዳራሽ በመስኮት ይልካል።
ፖሊሱ ጥላ ሥር ኦቾሎኒ ይፈለፍላል።
ወደኛ ዕቃ ቤት አንድም ድንጋይ አልመጣ፤
መሰላልን በሥዕል ነው የሚያውቃት፣ አጎት ያጣ።

ማስመሪያውን አቆምኩ፣ እርሳሱን አጋደምኩ፣
እስክሪብቶውን አስደግፌ ጣቷን ወሰድኩ፤
«ግድግዳው ይኸው። መሬቱ ይኸው። መሰላሉ።»
ተቆጣጣሪው ሳሉ።
«ደንቡ ማንበብ ብቻ ነው የሚለው።»
«ጌታዬ፣ ለሌሎቹ ሥዕል ተሰጥቷቸዋል፤
እኔም የምጠይቀው ሥዕሌን ነው» አለች።
ሰውዬው መስኮቱን አዩ፤ ቀርከሃውን አዩ፤
ከዚያ የራሳቸውን ጫማ።
ምንም አላሉ።

ጣቷ ወጣ፣ ወረደ።
«ሰባት» አለች።

ስምንት ነው።
ወንድሜ ከአባቴ ጋር ሸንኮራ ሊቆርጥ ሲሄድ
አልጋ ሥር በተወው መጽሐፍ
እንዲህ ያለውን ሦስት ማዕዘን በጋውን ሙሉ ፈትቻለሁ።
ያነሰች የተባለችው፣ ለካ አላነሰችም።
እጄ ላበው። ብዕሩ በኔ እጅ ነው፤
በሰባትና በስምንት መካከል ያለው አንዲት ትንፋሽ ነው።
አዳራሹ ጣራ ላይ አንዱ ድንጋይ ኳ! ብሎ ተንከባለለ።
ብጽፈው ማን ያውቃል? እሷም አታየው።
ያስፈራኝ ይኸው ነው፣ እሷም አለማየቷ።
ሰባት ብዬ ጻፍኩ።

«እጅሽ ዘገየ» አለች። «ለምን?»
ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም መልስ እንዳይሆንብኝ ፈርቼ
ቶሎ ወደ ቀጣዩ ዘለልኩ፣ «ጥያቄ ስምንት!»
የተራ ቁጥሩን ነው፣ በእናቴ እምላለሁ፤
ግን ጆሮዬ ጋለ፣ አንገቴ ጋለ።
ምሩናል ቀና ብላ ከንፈሯን ነክሳ ፈገግ አለች፦
«ሰባቱ የኔ ነው። አትንኪብኝ» አለች።

ስንወጣ ሕዝቡ ተበትኗል፤
ቀርከሃው መሰላል አቧራው ላይ ተጋድሟል።
«እዚህ ነው?» አለችኝ። አጎንብሳ ዳሰሰች፣
እርከኑን በመዳፏ አንድ፣ ሁለት፣ እያለች።
ጫፉ ጋ ስትደርስ ቆመች፤
«ይኸው ነው እንዴ?» አለች። «እኔ ረጅም መስሎኝ!»