የነፋስ አፈርሳታ

ታርቱ ላይ ኅዳር ሊያልቅ ነው፤ ወንዙ ዳር ዳሩን ረግቷል፤
ያልተመረቀ መዋለ ሕፃናት በሩን አውልቆ ቆሟል።
በበሩ ልክ ቀይ ናይሎን በብረት ቋሚ ወጠርሁ፣
ከእምብርቱ ላይ ማራገቢያ፣ ፊቱን ወደ ደጅ፣ ሰካሁ።
አንዲቱን ቀጭን ቱቦ ከበረዶው ጋር እንድታወራ፣
አንዲቱን ከመለኪያው ጆሮ፣ የቤቱን ልብ እንድታጣራ።
የመታጠቢያውን ጉሮሮ ሁሉ በባልዲ ውሃ አጠጣሁ፤
የአየር ማስወጫውን አፍ በሰማያዊ ቴፕ ለጎምሁ፤
መስኮት በመስኮት ዞሬ፣ እጀታ በእጀታ ጨብጬ፣
እንዲህ አልኋቸው፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ፦
"ሌባው እስኪወጣ ድረስ ከእንግዲህ ማንም አይወጣም።"

አፈርሳታ መሆኑን አላወቁም፤ እኔም አልተረጎምሁላቸውም።
በሌላ ዘመን ለጠፋ በሬ ነበር፤ የእኛ የጠፋ ሙቀት ነው፤
ሌባው ግን እንደ ወጉ ከመሐላችን የቆመ ነው።

አናጢው ሬይኖ፣ ቆቡን ወደ ኋላ ገፍቶ፣
ኤሌክትሪክ ሠሪው ካልዮ፣ ያልለኮሳትን ሲጋራ ከጆሮው ላይ ሰክቶ፣
ቧንቧ ሠሪው አይቫር፣ የተገመሰ ዳቦ ይዞ፣
ትሪኑ፣ ተለማማጇ፣ ባትሪዋን ከአንገቷ አንጠልጥላ፣
ኮሪደሩን ተደግፈው ቆሙ፤
እንደ ተከሳሽ አይደለም፣ እንደ ከሳሽ፤ ሁሉም።

ማራገቢያው ተነሣ፤ መጀመሪያ እንደ ንብ፣ ኋላ እንደ ወፍጮ።
ቤቱ ሆዱን ሳበ። ናይሎኑ ወደ እኛ አበጠ።
ከፎቅ አንድ በር በራሱ ጊዜ ጓ ብሎ ተዘጋ።
አሥር ፓስካል። ሠላሳ። ሃምሳ። ሃምሳ ላይ ገታሁት።
ውሉ ዜሮ ነጥብ ስድስት ይላል፤ አንድ ነጥብ አራት አነበብሁት።
ሃምሳ ማለት ነፋስ ቤቱን ከአራቱም ማዕዘን ሲገፋ፣
ዝም ብሎ የኖረ ሽንቁር ሁሉ የዋጠውን ሲተፋ።

"እኔ?" አለ ሬይኖ፤ "የኔ ሳንቃ መሐል ምላጭ አይገባ!
ካልዮን ጠይቀው፤ ምስጥ ነው፤ ግድግዳ እየበሳ ሲወጣ ሲገባ።"
"እኔ?" አለ ካልዮ፤ "የኔ ሽቦ ላስቲክ ሳይለብስ አያልፍም፤
ማፍሰስ የቧንቧ ሠሪ ሙያ ነው፤ እኔን አይመለከትም።"
"እኔ የማፈስ ውሃ ነው" አለ አይቫር፣ ዳቦው በአፉ እንዳለ።

ጭሷን አወጣሁ። እርሳስ ታህላለች። ኅዳር እንዲህም ይታጠናል።
ሌባ ሻይ ናት፤ መድኃኒት ሳትጠጣ፣ ወገቧ ሳይታሰር ታነፈንፋለች፤
ከሌባው ደጅ ስትደርስ ግን አትገባም፤ ደንግጣ ወደ ኋላ ትሸሻለች።

ተከተልናት። ከሶኬቱ ሥር፦ ዝም። ከመስኮቱ ጥግ፦ ዝም።
ካልዮ አንገቱን ቀና አደረገ፤ ሬይኖ ግን ገና አላመነም።
ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ከቧንቧው አንገት፣ ብትን አለች።
"እሺ" አለ አይቫር፣ ዳቦውን አስቀምጦ፤ "ያቺ የኔ ነች።"
ለጠፍናት።
አንድ ነጥብ ሦስት።

ሌላ ሰዓት። ጣራ። ምድር ቤት። የአምፖል አንገት ሁሉ። ማብሰያ ቤት።
የተቆለፈ ቁም ሣጥን። የልጆች ጫማ መደርደሪያ፣ ጫማ ያላደረበት።
ከተነሣንበት ከበሩ ስንመለስ
ጭሷ ደነገጠች።
ከቀዩ ናይሎን ግራ እግር፣ እኔ ካሰርሁት ብረት ሥር፣
አንዲት ያልጠበቀች ብሎን፣ አንዲት የጣት እጥፋት፣
ታርቱን በሙሉ ታስገባለች።

ትሪኑ ባትሪዋን ከእጥፋቷ አንሥታ
ቀስ ብላ ወደ ፊቴ አዞረችው።
"ይህችስ የማን ናት?"

የራሱ እያረረበት የሰው ሲያማስል የዋለ ዳኛ፣
ተንበረከክሁ። ብሎኗን ሁለት ዙር አጠበቅሁ።
ሬይኖ ነው የጀመረው፤ ሳቁ ከወፍጮው በላይ ተሰማ።

ሃምሳ። ዜሮ ነጥብ አምስት ዘጠኝ።
ፈረምሁ። ማራገቢያውን አጠፋሁ።
ቤቱ ትከሻውን ጣለ።
ካልዮም፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ነፋስ እንዳይገባ
ሲለጥፉ ሲደፍኑ የከረሙበትን ቤት
መስኮቱን እስከ ጥጉ በረገደው፤
ሲጋራዋን ከጆሮው አወረደ።
"ኡፍፍ" አለ፤ "ታፍኜ ልሞት ነበር።"